የማፍሰሻዋ ብሎን

አዲስ አበባ በምኖርበት ቤት ውሃ ሲሄድ፣ ቧንቧው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስልና የቀረችውን ጠብታ ተፍቶ አየር ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። ድምፁ ጥም የያዘው ሰው ሳያርፍ ሲጎነጭ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ ጀሪካናቸው ሙሉ መሆኑን ያያሉ፤ እኔ ግን የያዝኩትን አስቀምጬ፣ የትኛውም ክፍል ብሆን ተነሥቼ፣ ዋናውን ሳራቺኔስካ እዘጋለሁ። ሳራቺኔስካ የቧንቧ ሠራተኞች ውሃ የሚከፍቱበትንና የሚዘጉበትን መዘውር የሚጠሩበት ስም ነው፤ ቃሉን የተማርኩት ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ከአባቴ ነው። ከዘጋሁም በኋላ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ጥቂት ይቆያል፣ ከኋላውም የአራት ዓመት ልጅ ድምፅ እኔን እየጠራ ተከትሎ ይመጣል፦ «ዘንቤ፣ ሰውዬው ጠማው።»

ያ ድምፅ መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ካደግኩበት ቤት የመጣ ነው። ቤታችን ጎማ ነበረው። መንገድ ሊሠራ የመጣ ድርጅት ከከተማው ወጣ ብሎ ካምፕ ሲተክል፣ ለመሐንዲሶቹ ማደሪያ በመኪና የሚጎተት ካራቫን አምጥቶ ነበር፤ ሥራው አልቆ ማሽኑንና ቆርቆሮውን ጭኖ ሲሄድ፣ ካራቫኑን ተመልሰን እንወስደዋለን ብሎ ለአባቴ አደራ ሰጠው። አባቴ የካምፑ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘበኛም ሆነ። ተመልሶ የመጣ ግን የለም። አባዬ፣ እማዬ፣ እኔና ታናሼ ብርቄ በዚያ ነጭ ሣጥን በሚመስል ቤት ውስጥ፣ ጎማዎቹ ቀስ በቀስ መሬት እየገቡ፣ ዓመታት ኖርን።

የመንደሩ ሰው ቀልዱን አልጨረሰብንም። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እትዬ አስካለ፣ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ሱፍ እየፈተሉ በራቸው ላይ ይውሉ ነበርና፣ አባዬ ባለፈ ቁጥር እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «ዛሬስ ቤትህን ወዴት ልትነዳው ነው?» ይሉት ነበር። ከሁሉ የከበዳቸው ግን መጸዳጃው ከወጥ ቤቱ ሁለት እርምጃ ርቆ ውስጥ መሆኑ ነበር።

«እህልና እዳሪ ባንድ ጣሪያ ሥር! ይኼን ነው ሥልጣኔ የሚሉት?»

«ኧረ እትዬ፣ እዳሪው እኮ ከወለሉ በታች ነው ያለው።»

«ታዲያ በላዩ ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ በለኛ!»

አባዬ ይስቅ ነበር፣ ነገር ግን ጥያቄያቸውን እንደ ቀልድ አይቶት አያውቅም። ከወለሉ በታች የነበረውን መሐንዲሶቹ ጥቁሩ ታንከር ይሉት ነበር፤ ከመጸዳጃው የወረደው ሁሉ እዚያ ይጠራቀምና፣ በሳምንት አንድ ቀን መውጫው ሲከፈት በወፍራም ቱቦ ተዳፋቱ ላይ ወደተቆፈረው ጉድጓድ ይሄዳል። ሥራው መልቀቁ ላይ አያበቃም ነበር፤ በታንከሩ ግድግዳ ላይ የሚጣበቀው ካልታጠበ ይደርቃል፣ ከደረቀ ይደፍናል። ስለዚህ ቤቱን የሠሩት ሰዎች ታንከሩን ከውስጥ የሚያጥብ ሌላ ቀጭን ቧንቧ ሠርተውለት ነበር። ከውጭ ቀይ የውሃ ጎማ ይገጠምበታል፣ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ከታንከሩ በላይ ይወጣል፣ እዚያ በአንድ ቼክ ቫልቭ ያልፋል፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ታንከሩ ውስጥ በብዙ ቀዳዳ እንደ ዝናብ ይረጫል።

አባዬ መሣሪያ ሲይዝ ከጎኑ ስለማልጠፋ፣ አንድ ቀን የግድግዳውን ሽፋን ፈትቶ ቫልቩን አሳየኝ። ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ ፕላስቲክ ነበር፣ ውስጡ ትንሽ ምላስ አለችው። ውሃው ሲሄድ ምላሷን ገፍቶ ያልፋል፣ ውሃው ሲቆም ምላሷ ተመልሳ ትዘጋለች።

«ይቺ ምላስ ለምን እንደተሠራች ገባሽ?» አለኝ።

«እንዳይመለስ።»

«ምን እንዳይመለስ?»

አፍሬ አቀረቀርኩ። እሱ ግን አላፈረም። «የሄደው እንዳይመለስ። ይኼ ጎማና እናትሽ ውሃ የምትቀዳበት ቦኖ ከአንድ መስመር ነው የሚጠጡት። ይቺ ካልዘጋች ሽታ አይደለም የሚመጣብን፣ የምንጠጣው ነው የሚበላሸው።»

ውሃችን ኮረብታው ላይ ካለ የምንጭ ማጠራቀሚያ በአንድ መስመር ይወርድ ነበር፤ መስመሩ ግቢያችን ሲገባ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ወደ ካራቫኑ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ አጥሩ ጥግ ወዳለው ቦኖ ይሄድ ነበር። አባዬ የመጸዳጃውን ጎማ ቀይ፣ የመጠጡን ሰማያዊ አድርጎ ለይቶ፣ ቀዩን ጎማ ለሌላ ነገር የነካ ሰው እንደሚቀጣ ነግሮን ነበር።

ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከጓሳ ተራራ በኩል ወርዶ ቤቱን ለቀናት ይሸፍነውና፣ ዝናቡ የካራቫኑን ጣሪያ ሲመታ እርስ በርስ ለመስማት እንጮህ ነበር። ጉድጓዱ ጎርፍ ስለሚሞላ አባዬ ካፖርቱን ደርቦ ቦይ ሲቆፍር ይውላል፣ እኔና ብርቄ ደግሞ በሐሙስ ቀን ታንከሩ ሲታጠብ ጆሯችንን ግድግዳው ላይ ለጥፈን የውሃውን መውጣትና መርጨት እናዳምጣለን። ብርቄ ግድግዳው ውስጥ የሚኖር ሰውዬ እንዳለ ወስና ነበር። ውሃው ሽቅብ ሲወጣ «ሰውዬው ተነሣ» ትላለች፣ ሲረጭ «ሰውዬው ፊቱን ታጠበ»፣ ሲያባራ ደግሞ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «እሽሽ፣ ተኛ»። እማዬ «ይቺን ልጅ ግድግዳ ሊወስድብኝ ነው» እያለች ትስቅ ነበር። በኋላ ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም ሲደግመው አልሰማሁም።

ጥቅምት ጭጋጉን ጠርጎ ወርጩን ያመጣል። የመንዝ ወርጭ በሜዳው ላይ ያደረ ውሃን በድንጋይ እስኪሰበር ድረስ ያረጋዋል፤ ቧንቧ ውስጥ ያደረ ውሃ ደግሞ ሲረጋ ያብጥና ያገኘውን ይገፋል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር አዲስ ሕግ ይገባ ነበር። ታንከሩ ከታጠበ በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀዩ ጎማ ይነቀላል፣ ከካራቫኑ ሥር ያለችው አንዲት የማፍሰሻ ብሎን ትፈታለች፣ በግድግዳው ውስጥ የቀረው ውሃ እስኪያልቅ ይፈስሳል፣ ብሎኗ ተመልሳ ትጠብቃለች። ከመፍታት እስከ ማጥበቅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አባዬ ሌላም ሕግ ነበረው፤ ውሃ ያደረበት ቧንቧ ካለ ቫልቩን አውጥቶ፣ በተቃራኒው በኩል ውሃ ሞልቶበት፣ ጠብ አለማለቱን ሳያይ መልሶ አይጠቀምበትም ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ አባዬ ለንግሡ ጊሼ ወደተወለደበት ደብር ማልዶ ወጣ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። «እጥበቱን አንቺ ጨርሺው፣» አለኝ፣ «ግን ማፍሰሱን አደራ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ።» እማዬ ለጽዋ ማኅበሩ ጠላ ልታግዝ ወደ ሰው ቤት ሄዳ ነበር። ታንከሩን አጠብኩ፣ መውጫውን ከፈትኩ፣ ጎማውን ነቀልኩ፤ መፍቻውን ይዤ ከካራቫኑ ሥር ስገባ ግን ብርዱ ጣቶቼን አደነዘዛቸውና፣ ትንሽ ልሙቅ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ፀሐይዋ ጠልቃ ነበር። እትዬ አስካለ ሱፋቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

«እትዬ፣ ብሎን መፍታት ሥራ ነው?»

«ብረት በእጅሽ ይዘሽ ሥራ ነው ወይ ትይኛለሽ? ፀሐይ ጠለቀች እኮ፣ ሚካኤል ገባ። አስቀምጪው ያን!»

በእኛ አገር በዓል የሚገባው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ነው፣ በበዓልም ብረት አይነካም። ይህ እውነት ነው። እሳቸውን ስጠይቃቸው ግን ምን ብለው እንደሚመልሱልኝ አስቀድሜ ማወቄም እውነት ነው። መፍቻውን አስቀምጬ ደስ ብሎኝ ገባሁ። በማግስቱ በዓሉ ነበር፤ ሜዳው በነጋ ጊዜ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ሆኖ አደረ። በሦስተኛው ቀን ብሎኗን ፈታሁ፣ ከቀትር በኋላ ነበርና ውሃው ያለ ችግር ወረደ፤ ምንም የተሰበረ ነገር አልታየኝም።

አባዬ ከጸበሉና ከዳቦው ይዞ ሲመለስ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቀኝ።

«አፍስሰሻል?»

«አዎ።»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ራሴን ዳበሰኝ። ቫልቩን አልፈተሸውም፤ የሚፈትሽበት ምክንያት አልነበረውም።

በቀጣዩ ሐሙስ አባዬ በወር አንዴ እንደሚያደርገው፣ የተጣበቀው እንዲረጥብ ብሎ የታንከሩን መውጫ ዘግቶ ውሃ ሞላበት። መርጫው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ እያለ ከኮረብታው የሚመጣው ውሃ ድንገት ተቋረጠ። አባዬ የማጠራቀሚያው መውጫ ሣር ደፍኖት ይሆናል ብሎ፣ ቀዩ ጎማ እንደተገጠመ፣ የጎማው ሳራቺኔስካም እንደተከፈተ ትቶት መፍቻውን ይዞ ሽቅብ ሄደ። እንዲህ ሲያደርግ ያን ቀን የመጀመሪያው አልነበረም፤ ምላሷ አለችና አይመለስም።

እማዬ ውሃው መቋረጡን ሳታውቅ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖው ወረደች። ቦኖውን ስትከፍተው እኔና ብርቄ ካራቫኑ ውስጥ ነበርን። ግድግዳው ከዚያ በፊት አሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ አሰማ። የሚረጭ ሳይሆን የሚስብ ድምፅ ነበር፣ ረጅም፣ ያለ ዕረፍት የሚጎነጭ። ብርቄ ጆሮዋን ለጥፋ ሰማችው፣ ዓይኖቿም ፈጠጡ።

«ዘንቤ፣ ሰውዬው ጠማው።»

ሁሉን ነገር ተረድቼ ነበር አልልም። አንድ ነገር ግን ገብቶኝ ነበር፤ ውሃ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ወደዚያ አቅጣጫ መሄድ የለበትም። በመስኮት እማዬን አየኋት፣ አጎንብሳ ጀሪካኗን እየሞላች ነበር። ተይ ብዬ ብጮህ ለምን ተብዬ እጠየቃለሁ፣ ከተጠየቅሁ ስለ ብሎኗ ይነሣል። አልጮህኩም። ከዚያ በኋላ ጋዜጠኛ ሆኜ ስንት ሰው ፊት መቅረጫ ይዤ «ያን ጊዜ ምን አዩ? ለምን አልተናገሩም?» ብዬ እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ ሰዎቹ ሲያቀረቅሩ ምን እያዩ እንዳሉ ግን አውቃለሁ።

ጀሪካኗ ከግማሽ በላይ ሞላች። ከሰዓት በኋላ እማዬ ገብስ በሶ በዚያ ውሃ በጥብጣ ሰጠችን። ብርቄ ሁለት ጊዜ አስጨመረች።

እኔን ሆዴን አንድ ቀን ቆርጦኝ ለቀቀኝ። ብርቄ ቅዳሜ ጠዋት ማስመለስ ጀመረች፣ እሑድ የሚወጣት ሁሉ ነጭ ውሃ ሆነ፣ ዓይኗም ወደ ውስጥ ገባ። አባዬ በጋቢ ጠቅልሎ አዝሏት ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ነርሷ የክንዷን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀች፤ ቆዳው ሳይመለስ ቆየ። «ሰውነቷ ውስጥ ውሃ አልቋል፣» አለች። ጉሉኮስ ሰቀሉላት። ሰኞ ጠዋት፣ የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል፣ አባዬ ያንኑ ጋቢ እንደታቀፈ ግቢያችን ገባ።

እዚህ ላይ የማውቀውንና የማላውቀውን መለየት ግዴታዬ ነው። በዚያ ሰሞን ከእኛ መስመር ጠጥተው የማያውቁ ሁለት ልጆችም በተመሳሳይ ሕመም ተኝተው ነበር፣ ድነዋል። ውሃውን የመረመረ ሰው የለም። ብርቄ ሜዳ ላይ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ የምትከት ልጅ ነበረች። ከዚያ ጀሪካን ታመመች ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ጽሑፉን ቢያመጣልኝ ማስረጃህ አልበቃም ብዬ እመልስለታለሁ። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ቧንቧው ሲጎነጭ ግን አይታወሰኝም።

በጥር፣ አርባዋ በወጣ ሰሞን፣ አባዬ የግድግዳውን ሽፋን ፈታ። የፈታው ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ቫልቩን አውጥቶ መስኮቱ አጠገብ በመዳፉ ላይ አገላበጠው፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ምላሷ ጠምማ በአንድ ጎን ተጣብቃ ቀርታ ነበር፣ ፕላስቲኩም ከውስጥ እንደተገፋ ሆዱ ወጣ ብሏል። አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። የጠበቅሁት ጥያቄ አልመጣም። ሊያጽናኑ የመጡት ሰዎች ወደተቀመጡበት ወጥቶ፣ ቫልቩን በእጁ ጨብጦ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣» አለ። «በወርጭ ጊዜ ሳላፈስ ረስቼ ነው።»

እትዬ አስካለ እንዝርታቸውን አቆሙ። አዩኝ፣ ከዚያ እንዝርቱን መልሰው አሾሩት። እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያች ዋዜማ አንድም ቃል አልተነፈሱም፣ ስለ ካራቫኑም ከዚያ በኋላ ቀልደው አያውቁም።

በበልግ አባዬ ቀጭኑን ቧንቧ ቆርጦ ደፈነው፣ ከግቢው ጥግም እንደ ሰው ሁሉ መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፈረ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ እንደ ድሮው መጮህ አላስፈለገንም፤ የሚነገር አልነበረም። እማዬ በሶ መበጥበጥ ተወች። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ለጎረቤት ይሰጣል፣ በእኛ ቤት ግን አይበጠበጥም። ምክንያቱን የጠየቃት የለም፣ እኔም የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ በሶ ልጇን ስለሚያስታውሳት ነው ብዬ አምን ነበር። እኔ ደግሞ አንዳንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስሆን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳምጥ ነበር። ቧንቧው ተቆርጧል፣ ውሃ የለበትም። አንድ ሁለት ጊዜ ግን የሰማሁ መስሎኛል።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ወደ መሐል ሜዳ ሄድኩ። አባዬና እማዬ እዚያው ግቢ ውስጥ በሠሩት ቆርቆሮ ቤት ይኖራሉ፤ ካራቫኑ ጎማው አልቆ በቸርኬው ተቀምጦ ዶሮ ያድርበታል። አባዬ ጉልበቱን ስለሚያመው ፀሐይ ላይ ድንጋይ መቀመጫ አበጅቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለሠላሳ ዓመት ግድም በአፌ ውስጥ ያመላለስኩትን ዓረፍተ ነገር ስናገረው በጣም አጭር ሆነብኝ።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ አላፈሰስኩም ነበር።»

ወደ ካራቫኑ ዞረ። «ባዶ ቧንቧ አይረጋም፣» አለ። «ቫልቩን በእጄ ስይዘው ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ጠይቄሽ አላፈሰስኩም ብትይኝስ? ከዚያ እኔ የት እገባለሁ? ሳራቺኔስካውን ከፍቼ የሄድኩት እኔ። አንድ ጊዜ ብጠመዝዘው ኖሮ፣» አለና እጁን በአየር ላይ አዞረ፣ እንዲህ ብሎ፣ መዘውር እንደያዘ። «ለአሥር ዓመት ልጅ ምን አደራ ይሰጣል?»

እማዬ ደጃፉ ላይ ምስር እየለቀመች መሆኗን ሁለታችንም ረስተን ነበር። ሰፌዱን ከጉልበቷ ላይ አወረደችው።

«ድፍርስ ነበር፣» አለች።

ሁለታችንም ዞርን።

«ውሃው። ሲቀዳ አየሁት። ውሃው ሄዶ መጥቶ ነው የደፈረሰው ብዬ፣ በነጠላዬ ጠርዝ አጠለልኩት። ሸተተኝ ደግሞ። ጎማ ነው አልኩ። ሌላ ውሃ ፍለጋ ልውረድ ወይ ብዬ፣ ደከመኝ፣ ተውኩት። ከዚያ በሶዋን በጠበጥኩላት።» ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ለረጅም ጊዜ ለራሷ ስትነግረው የኖረች ሰው ድምፅ ነበር። «እናንተ ብሎን ትላላችሁ። እኔ በዓይኔ አይቼው ነው።»

ከካራቫኑ አንዲት ዶሮ እያስካካች ወጣች። በኋላ አባዬ ጉልበቱን ይዞ ተነሣና፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ለእማዬ ሰጣት። ከዚያን ቀን በፊት አይታው አታውቅም ነበር። ጨርቁን ፈትታ ቫልቩን በሁለት ጣቷ አነሣችው።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ይቺን ብቻ ነው የምታክለው?» አለች፣ መልሳም ጠቀለለችው።

በዚያ ቤት ሦስት ሰዎች አንድን ድምፅ ለየብቻችን ስናዳምጥ ኖረናል፣ እያንዳንዳችንም ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ብለን። የአሁኑ ለውጥ ከዚህ አይበልጥም። ቧንቧው እንደ ድሮው ይጎነጫል፣ ብርቄም እንደ ድሮው ሰውዬው ጠማው ትላለች። ግን ሳራቺኔስካውን ዘግቼ ስጨርስ ስልኬን አንሥቼ መሐል ሜዳ እደውላለሁ፣ የምታነሣው እማዬ ናት፣ ለምን እንደደወልኩ አትጠይቀኝም።

«ውሃ ሄደ?»

«ሄደ።»

«ዘግተሻል?»

«ዘግቻለሁ፣ እማዬ» እላታለሁ፤ ስላት ደግሞ እጄ ገና መዘውሩ ላይ ነው።